የዋጥኳት «ች»

ሥራ ያቆምኩ ዕለት ኤጀንሲው ኬክ ቆረጠልኝ። በስኳር የጻፉት ስም ግን «ብርቄ» መሆኑ ቀርቶ «ብሩክ» ሆኗል፤ ወንድ ሆኜ ተሸኘሁ ማለት ነው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን መሀል ላይ ቆመብኝ። ለምን እንደ ቆመ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ ወሬ ስጀምር መዞር እወዳለሁና ታገሡኝ።

ኬኩ ተበልቶ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጇ ሰብለ ጠጋ አለችና፣ «እማማ ብርቄ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች አሉ፤ ሁሉም ሐበሾች ናቸው። መጥተው አንድ ሰዓት ያህል ስለ ሥራው በአማርኛ ቢያጫውቱልኝ?» አለችኝ።

«ትምህርት ቤት ደጁን ያልረገጥኩ ሰው ምን አስተምራለሁ ብለሽ ነው?»

«ያለፈብዎትን ይንገሯቸው።»

ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። በሽተኛ ሳይነሳ አንሶላ እንዴት እንደሚቀየር፣ ሰው እንዴት እንደሚታጠብ ልንገራቸው ብዬ ተዘጋጀሁ። በቀኑ የተናገርኩት ግን ሌላ ሆነ። አሁን የምጽፈው እሱን ነው፣ ከነመነሻው።

ፊደል የቆጠርኩት ቀበሌ ውስጥ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ። ከዚያ በኋላ ሌላ ትምህርት አላየሁም። ወደ አሜሪካ ያስመጣችኝ ዲቪ የደረሳት ልጄ ናት። በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ከሚባለው የገበያ ማዕከል አጠገብ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን፤ ልጄ፣ ባሏ፣ ሁለት የልጅ ልጆቼና እኔ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ቤቱ ጭር አለብኝና ሥራ ያዝኩ። መጀመሪያ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነበር፤ የማሽኑ ጩኸት ቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር። እዚያ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት ናት ከእትዬ ዘነበች ጋር ያገናኘችኝ።

እትዬ ዘነበች አገር ቤት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ የጤና ረዳት ነበሩ። እዚህ መጥተው ቤት ለቤት እየሄዱ አቅመ ደካሞችን የሚረዱ ሠራተኞችን ያሠለጥናሉ። አጭር ናቸው፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለሥልጠናው የሚሞላውን ወረቀት እያነበቡልኝ እኔ መልሱን በአፌ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ያስቸገረኝ የሠራሁበት ሰዓት በየሳምንቱ የሚሞላባት ታይም ሺት ብቻ ነች፤ እሷንም የልጅ ልጄ ትሞላልኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ በእጃቸው ነው። ሰው ከመንካቴ በፊት የምነካውን እንድናገር። ፎጣውን በሽተኛው ገላ ላይ ከማሳረፌ በፊት በክንዴ ውስጠኛ በኩል እንድፈትሸው። ፊት ሲታጠብ ከዓይን ጀምሮ፣ ያለ ሳሙና፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ፤ ለሁለተኛው ዓይን የፎጣውን ሌላ ጫፍ። የሚታጠበው ክንድ ከሆነ ክንዱ ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው ይሸፈን። አንሶላ ሲቀየር ሰውየውን ወደ አንድ ጎኑ አዙሮ፣ የቆሸሸውን እስከ ጀርባው ጠቅልሎ፣ አዲሱን ከኋላው አንጥፎ፣ ከዚያ ወደዚህ ማገላበጥ። ተረከዝ አልጋ ላይ እንዲያርፍ በፍጹም አይፈቅዱም፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ትራስ አግብቼ አየር ላይ እንዳንሳፍፈው ያደርጉኛል። «ቁስል የሚጀምረው እኛ ወሬ ስናወራ ነው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ ቤት ሲገቡ፣ በሽተኛው አጠገብ ተቀምጠው በክፍሉ ውስጥ ስላለው ሰው ሁሉ ይጠይቁታል። «ይህ ሰው ምንህ ነው? ይህችስ ምንህ ናት?» ልጅ መሆኑ ቢያስታውቅም ይጠይቃሉ።

«ለምንድን ነው እትዬ ዘነበች፣ እየታየ?» አልኳቸው።

«አንድ ቀን እሱ መናገር ያቅተዋል፤ ያን ቀን የምትናገሪለት አንቺ ነሽ። የነገረሽን ቃል እንደ ሽንት ዕቃ ያዢው፤ ሳትጨምሪ፣ ሳታፈሺ፣ እሚደርስበት ቦታ አድርሺው።»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ሾርባ በቀረበላቸው ቁጥር ሰላምታ የሚሰጡ ጡረተኛ ኮሎኔል ነበሩ። በሞተች ልጇ ስም ስትጠራኝ የኖረች የግሪክ ባልቴት ነበረች፤ እኔም አቤት ስላት ኖርኩ። ስለ እነሱ ሌላ ቀን ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ግን እግሬ ወደ ጆይስና ወደ ኔል ቤት ነው የሚሄደው።

ጆይስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል፣ ጸጉሯ ግን እስከ ወገቧ ነው። ኔል የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበረች፤ ጡረታ ወጥታም የራሷን ትንሽ መኪና እንደ አውቶቡስ ሰፊ አድርጋ ነው የምታዞረው። የመጀመሪያው ቀን በተማርኩት መሠረት ጆይስ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ «ይህች ምንሽ ናት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሚስቴ ናት» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት ሆነን። ሕጉ አያውቀውም። አንቺ ግን እወቂው፣ በርኪ።» ብርቄ ማለት አልሆን ብሏት በርኪ ነበርኩ።

አልዋሽም፣ ደነገጥኩ። በልቤ አማተብኩ። ላንድማርክ ስደርስ ለልጄም አልነገርኳትም። ለእትዬ ዘነበች ብቻ ነገርኳቸው፣ ከዚያ ቤት ያነሱኛል ብዬ። እሳቸው ከእኔ ይልቅ አጥባቂ ናቸው፤ ጾም አይገድፉም። «እኔም አይዋጥልኝም» አሉ። «ግን ጠየቅሻት? ነገረችሽ? በቃ። ተረከዟን ከአልጋው አንስተሻል?»

ሁለት ዓመት ገደማ እዚያ ቤት ሠራሁ። ሰው ከሰው ጋር ሲኖር የሚያደርገውን ነው ያየሁት። ኔል ቡናዋን ስታቀዘቅዝ ጆይስ ትቆጣታለች። ጆይስ መድኃኒቷን ስትደብቅ ኔል ትራሱን ትበረብራለች። አንዴ፣ «በርኪ፣ ፍረጂን! ሬዲዮውን ሳያጠፋ የተኛው ማን ነው?» ብለው ሁለቱም ሲጮሁብኝ፣ እኔና ሟቹ ባሌ በአንድ ፋኖስ ስንጣላ የኖርነው ትዝ ብሎኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ለማንም ግን አላወራሁም። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች «የት ነው የምትሠሪው?» ሲሉኝ «ሁለት እህትማማቾች ጋ» እል ነበር። ማፍሰስ የጀመርኩት እንግዲህ ያኔ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ጆይስን አጥቤ ጸጉሯን እያበጠርኩ ሳለሁ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጎተተ። ኔል ፋርማሲ ሄዳለች። አምቡላንስ ጠራሁ፤ ለኔል ደወልኩላት፤ ከጆይስ ጋር ተሳፍሬ ሄድኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

መመዝገቢያው ጋ አንዲት ወጣት ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል ትጠይቀኛለች። የትውልድ ቀኗን፣ መድኃኒቷን፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። «ቤተሰብ አላት?» ሌላ ስቴት ወንድም አላት፤ ስልኩ ያለበትን ወረቀት ከፍሪጁ ላይ ገንጥዬ ይዤ ስለ ነበር ሰጠኋት። «አሁን እየመጣች ነው ያልሽኝ ሴትስ? ለታማሚዋ ምኗ ናት?»

መልሱ አፌ ላይ ነበረ። ጆይስ ሰጥታኛለች። ልክ ያኔ ከኋላዬ፣ «ብርቄ! በስመ አብ፣ ማንሽ ታሞ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አስካለ ናት፤ የአንድ ደብር ሰዎች ነን። ሆስፒታሉን ታጸዳለች፤ መወልወያዋን ይዛ አጠገቤ መጥታ ቆመች። አስካለ እንግሊዝኛዋ ብዙም አይደለም። ዋይፍ የሚለውን ቃል ግን ማን የማያውቅ አለ?

«ፍሬንድ» አልኩ። «ሺ ኢዝ ፍሬንድ።»

ወጣቷ ጻፈች። ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ አለቀ።

እኔን አንገቴ ላይ ባጅ ስላለ አስገቡኝ። ኔል የፋርማሲውን ከረጢት እንደያዘች እየሮጠች መጣች፤ እሷን «ቤተሰብ ብቻ» ብለው ከበሩ ውጭ አስቀመጧት። ሚስቷ ነኝ አለች፤ በቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ነገር የለም አሏት። ወንድምዬው ጋ ተደወለ። ኔልን ሲጠላት የኖረ ሰው ነው፤ እኔ እስክደርስ ማንም አይግባ አለ። ኔል ስለ ጆይስ እንድትወስን የሚፈቅድ፣ ጠበቃ የፈረመበት ወረቀት ቤት ውስጥ ነበራት፤ ልታመጣ በረረች። ጆይስ መናገር አልቻለችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበረ። እኔ ስገባ አየችኝ፣ ከዚያ ከትከሻዬ ኋላ አየች፣ ማንም አልነበረም። «ኔል እየመጣች ነው» አልኳት፣ እጇን ይዤ። ደጋግሜ አልኳት። ኔል ፖስታውን በደረቷ ታቅፋ ስትመለስ ጆይስ አልፋለች።

ስወጣ ያቺን ወጣት ለምን እንዲህ አደረጋችሁ አልኳት። እሷም አዘነች። «ቤተሰብ ናት ብትይኝ ቤተሰብ ብዬ እጽፍ ነበር። ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ፍሬንድ አልሽኝ» አለችኝ።

ለእትዬ ዘነበች በስልክ ነገርኳቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አፈሰስሽው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

የሚብሰው ግን ገና ነው። ከቀብሩ በኋላ ኔል ኩሽናዋ ውስጥ፣ «በርኪ፣ ሆስፒታል ለጆይስ ምኗ ናት ሲሉሽ ምን አልሻቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሰበብ ነበረችኝ፣ ያማረች ሰበብ። «ፍሬንድ አልኳቸው፣ ኔል። በእኛ ቋንቋ ጓደኛ ማለት ነው። ባልም ሚስትም የትዳር ጓደኛ ነው የሚባለው። እኔ የእናንተን ቋንቋ አላውቅም፤ አንድ መስሎኝ ነው» አልኳት።

ኔል አለቀሰች። አቅፋኝ አለቀሰች። «በእናንተ ቋንቋ ሚስት ማለት የትዳር ጓደኛ ነው?» አለችኝ። «ጆይስ ብትሰማው እንዴት ደስ ይላት ነበር!»

ዓመታት አለፉ። ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዛችና እኔም ወደ ሜሪላንድ ተሻገርኩ፤ እዚያ ባለ ኤጀንሲ ገባሁ። ኔልም የአሌክሳንድሪያውን ቤት ሸጣ የወንድሟ ልጅ አጠገብ፣ ከእኛ ቤት በእግር በሚደረስበት ሰፈር መጣች። በየሳምንቱ እጠይቃታለሁ። ፍቅር ነው ብትሉኝ ነው፤ ፍርሃትም ነበረበት፤ ሰው የደበቀው ነገር አጠገብ መቆየት ይወዳል መሰለኝ።

ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ለሁለተኛ ጊዜ የተመረጡበት ዓመት መጣ። ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች በሕግ ይጋቡ ወይስ አይጋቡ የሚለው ጉዳይ በሜሪላንድ የምርጫ ወረቀት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ኔል ቤት ለቤት ከሚቀሰቅሱት ጋር ተሰለፈች። ለራሷ ምንም አያመጣላትም፤ ጆይስ የለችም። «የሌላ ሰው ጆይስ ናት አሁን ያለችው» ትል ነበር።

አንድ ቀን መጣችና፣ «በርኪ፣ በሠፈሩ ብዙ የአንቺ አገር ሰዎች አሉ። በር ሲከፍቱልኝ በትሕትና ሰላም ይሉኛል፣ ግን አንግባባም። አብረሽኝ ሁኚ። የእናንተ ቋንቋ ለእኛ ደግ ነው። ያን የትዳር ጓደኛ የሚለውን ታሪክ በየስብሰባው እነግራለሁ፤ ሰው ሁሉ ያለቅሳል» አለችኝ።

በየስብሰባው። ውሸቴን ተሸክማ ትዞር ነበር። እንቢ ልበል? ምን ብዬ?

ሄድኩ። ቅስቀሳም እንደ ማንኛውም ሙያ ብልሃት አለው፤ ኔል አስተማረችኝ። ደወሉን ደውለሽ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ፣ ሰውየው ከእግርሽ እስከ ራስሽ እንዲያይሽ። ደፍ አይረገጥም። ስምሽን ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ የራስሽን ታሪክ፣ ክርክር አይደለም። መጨረሻ ላይ፣ «ድምፅዎን እናገኛለን?» ብለሽ ዝም ትያለሽ፤ ዝምታውን አንቺ አትሰብሪውም። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ አንድ ማለት አጥብቆ የሚደግፍ፣ አምስት ማለት አጥብቆ የሚቃወም።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? የመጀመሪያው በር ተከፈተ። አንዲት እናት ናቸው፣ እኩያዬ። እንዲህ አልኳቸው፤ «ጤና ይስጥልኝ። እኚህ ሴትዮ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ እርስዎ ዘመድ አይደሉም ብለው በር ላይ አስቀሯቸው። ባለቤታቸው ዓይናቸውን ሳያዩ አረፉ። ይህ በሌላ ሰው እንዳይደርስ፣ ስለ ጋብቻ ለተጠየቀው ጥያቄ ድጋፍ ስጡልኝ ነው የሚሉት።»

አያችሁ? አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ባለቤት ባልም ነው፣ ሚስትም ናት። «አረፉ» ወንድም ያርፋሉ፣ ሴትም ያርፋሉ። ውሸቱ በአክብሮቱ ውስጥ ተደብቆ ነበር። እኔ ጆይስን በሕይወት ሳለች አንድም ቀን አንቱ ብያት አላውቅም፤ በልቤም ሆነ ለእትዬ ዘነበች ሳወራ እሷ፣ አንቺ፣ አለች፣ ሄደች ነበር የምለው። ከሞተች በኋላ አንቱ ያልኳት ልደብቃት ነው።

«ወይ ጉድ! ባልና ሚስትን ይለያሉ?» አሉ እኚያ እናት። «ነፍስ ይማር፣ በያቸው። ወረቀት አጥተው ነው?»

«አዎ፣ የጋብቻ ወረቀት።»

«ይህ የወረቀት ነገር ስንቱን ፈጀ! እደግፋለሁ በያቸው፣ ከነልጆቼ።»

ኔል «ምን አሉ?» አለችኝ። «ይደግፋሉ» አልኳት። አንድ ብላ ጻፈች።

በየበሩ እንዲያ ሆነ። አንዷ አቅፋ ሳመቻት። አንዱ ታክሲ ነጂ ራሱን ይዞ «የአሜሪካን ሆስፒታል ለእኔ ነው የምትነግሩኝ?» እያለ የራሱን ወሬ ጀመረ። አንዷ ብርቱካን በላስቲክ ሞልታ ሰጠቻት። ሁለት ቅዳሜ ዞርን። የኔል ወረቀት በአንድ፣ በአንድ፣ በአንድ ተሞላ። ቢሮ ስትመልሰው ወጣቶቹ አጨበጨቡላት። «ሕዝብሽ እንዴት ያለ ሕዝብ ነው!» ትለኛለች። ጭብጨባው ለእሷ ልብስ ላይ እንደሚለጠፍ አበባ ነበር፤ ለእኔ እሾህ ነበር፤ ግን ዝም አልኩ። ድምፁ ከተገኘ ምን ቸገረኝ እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ በር ከፈቱ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አቶ መንገሻ ናቸው፤ አገር ቤት የአማርኛ መምህር እንደ ነበሩ ወዲያው ነገሩን። ንግግሬን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እኔን ትተው ወደ ኔል ዞሩና በጠራ እንግሊዝኛ፣ «በባለቤትዎ ሞት አዝናለሁ። ባልዎ ምን ይሠሩ ነበር?» አሏት።

ኔል «ባሌ?» አለች። እኔን አየችኝ። «ባል አልነበረኝም። ሚስቴ ናት የሞተችው። እሷ እኮ ነግራዎታለች።»

አቶ መንገሻ መነጽራቸውን አደረጉ፤ በመነጽሩ ውስጥ አዩኝ።

«ወይዘሮ፣ አረፉ ነው ያሉኝ።»

«አዎን፣ አርፋለች» አልኩ። አመለጠኝ።

«አሃ! አሁን ገና ‹ች› መጣች!» አሉ። «የት ደብቀዋት ነበር? አርባ ዓመት ሰዋስው አስተምሬያለሁ፤ በአንቱታ ውስጥ ሬሳ ሲደበቅ አይቼ አላውቅም።»

«አባቴ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው...»

«ለማን ነው ይሉኝታው? እኔ እምነቴ አይፈቅድልኝም፤ ብትነግሩኝ አይሆንም ብዬ በክብር እሸኛችሁ ነበር። ይህች ሴት እውነቷን ይዛ እደጄ ድረስ መጥታ፣ እርስዎ የሞተችባትን ሴት ሱሪ አልብሰው አቀረቡልኝ።»

ከዚያ ወደ ኔል ዞረው፣ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብለው፣ «እሜቴ፣ ድምፄን አልሰጥዎትም። ስለ ሚስትዎ ግን በጣም አዝናለሁ» አሏት። ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት፤ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ኔል ወረቀቷ ላይ አምስት ብላ ጻፈች።

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳታዞር ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «ስንቱ በር ላይ ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም ላይ።»

ዝም። ይህን ዝምታ እኔ ነኝ መስበር ያለብኝ አልኩና ሁሉንም አወጣሁት። «ኔል፣ ሆስፒታል የሆነውም የቋንቋ ችግር አልነበረም። ዋይፍ የሚለውን ቃል አውቀው ነበር። ጆይስ በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች። ከኋላዬ የማውቃት ሰው ነበረች፤ አፈርኩ።»

«በእኔ አፈርሽ?»

«አዎ።»

ከዚህ የሚበልጥ እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ ከዚህ የሚያሳፍርም የለም። ኔል አላለቀሰችም። መኪናዋን አስነስታ፣ ሰፊ አድርጋ አዙራ፣ ከቤቴ ሁለት መንገድ ሲቀር አቆመች። «እዚህ ውረጂ፣ በርኪ» አለችኝ። አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ሰው የት እንደሚወርድ ታውቃለች። ብርቱካኑ ኋላ ወንበር ላይ እንዳለ ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ ደወለችልኝ። ሰላም አላለችኝም። «ወደ እነዚያ በሮች ሁሉ እመለሳለሁ። ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«ጉልበቴን አሞኛል» አልኳት።

አሞኝ አልነበረም። አስካለም ወደ ሜሪላንድ ተሻግራ ከእነዚያ በሮች የአንዱ ጎረቤት ሆና ነበር።

ኔልም አውቃለች መሰለኝ፣ አልተከራከረችኝም። «እንግዲያው አንድ ነገር ጻፊልኝ። በትልቁ፣ በአማርኛ፦ ባለቤቴ ሴት ነበረች። ይቅርታ፣ መጀመሪያ በደንብ አልተነገራችሁም። በዚህ ላይ ድምፃችሁን እጠይቃለሁ። ይኸው ነው።» በልጅ ልጄ ወፍራም እስክሪብቶ ጻፍኩላት። ቀበሌ የተማርኳት ቸ ቹ ቺ ቻ ቼ ች፣ ያቺ ስድስተኛዋ ፊደል፣ ወረቀቱን የሞላችው መሰለኝ። ኔል ወረቀቱን በፕላስቲክ ከትታ ብቻዋን ወጣች፣ ደወል ደውላ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። በየበሩ። ብዙዎቹ ዘጉባት። ስንቱ እንዳልዘጋባት አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበው ያወሩ ነበር። «እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ደግሞ በአማርኛ!» «ማን ጻፈላት ይሆን? ፊደሉ የሕፃን እጅ ነው የሚመስለው» አለች አስካለ። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ዝም አልኩ። ጽሑፌ እኔ ያልደፈርኩት በር ድረስ ሄዷል፤ እኔ እዚያው ቆሜያለሁ።

ጥያቄው አለፈ፣ በጥቂት ብልጫ። እኔም ደጋፊ የሚለው ላይ ነው ያጠቆርኩት፤ ማንም በማያይበት፣ መጋረጃ ባለበት። ይህን ስጽፍ የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ቅያሜያችሁን ከነሙሉ ስሜ ብትሰጡኝ ይሻለኛል።

ኔልን ከዚያ በኋላም እጠይቃት ነበር። ታስገባኛለች፣ ወንበር ትሰጠኛለች፣ ያን የቋንቋ ታሪክ ግን ዳግም አላነሳችውም። ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ ሞተች። የወንድሟ ልጅ ጠርታኝ ፕላስቲኩን ሰጠችኝ፤ ወረቀቱ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ምንም መልእክት የለውም። ጽሑፌን ነው የመለሰችልኝ።

እንግዲህ ወደ ሰብለ ክፍል ልመለስ። አሥራ ሁለት ይሆናሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። አንሶላውን አሳየኋቸው፣ ተረከዙን ነገርኳቸው። ከዚያ የእትዬ ዘነበችን ልማድ ጀመርኩ፤ ምንህ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ የተሰጣችሁን ቃል ሳታፈሱ አድርሱ አልኩ። አንዱ ጎረምሳ በሽንት ዕቃው ሳቀ። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ። «እኔ አፍስሻለሁ» አልኩና ስለ ሆስፒታሉ ጀመርኩላቸው። «ኔል የምትባል ሴት ነበረች። ባለቤቷ በር ተዘግቶባት ሳታያት ሞተችባት።»

ከፊት የተቀመጠች ቀጭን ልጅ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ በፍጹም ትሕትና እጇን አወጣች። ያልተማርኩ መሆኔን ሰብለ ነግራቸዋለች።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ እንድጽፈው ነው» አለች ፈገግ ብላ። «‹ሞተባት› ለማለት ነው አይደል?»

«አዎ ልጄ» ብል ያልፍ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።

«አይደለም፣ ልጄ» አልኳት። «ሞተችባት። በ‹ች› ጻፊያት።»